ከ90 ቀን በኋላ

የካቲት 29፣ የሴቶች ቀን፣ እንደ ልማዱ አለፈ። ቲሸርቱ ተለበሰ፣ ኬኩ ተቆረሰ፣ ፈንዲሻው ተበተነ። አለቆቻችንም "ሴት ማለት እናት ናት፣ እህት ናት፣ ሚስት ናት" የምትለዋን የየዓመቱን ንግግር አድርገው ፎቶ ተነሡ። ቀኑን ጠልቼው አይደለም። እንዲያውም ለእኛ ለስፌት ሰዎች ይቀርበናል። በ1917 እ.ኤ.አ. በዚሁ ቀን በሩሲያዋ ፔትሮግራድ ማሽናቸውን አቁመው ዳቦ እያሉ አደባባይ የወጡት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴቶች ነበሩ። ኬክ የቆረሰላቸው ግን አልነበረም። እኔ ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት በዓሉ ካለፈ በኋላ ስላለው ሥራ ነው፤ ፎቶ የሚያነሣው ስለሌለ።

የምሠራው አቃቂ ቃሊቲ ባለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው። ኳሊቲ ነኝ። የተሰፋ ሸሚዝ እየገለበጥኩ ክር ስለቅም፣ የተጣመመ ኮሌታ ስመልስ እውላለሁ። በዚህ ምክንያት ላይን (የስፌት ማሽኖቹ መስመር) ላይ ያሉት ልጆች በሙሉ ያውቁኛል፤ ሁሉም ይወዱኛል ማለት ግን አይደለም። በመሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበራችን ሥር የሴቶች ኮሚቴ አለን። እኔ ጸሐፊ ነኝ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሠርተን ስንወጣ ካንቲኑ ውስጥ ጥግ ይዘን እንሰበሰባለን። ቡናውን የምታፈላልን ፊኒሺንግ (ማጠናቀቂያ) ክፍል የምትሠራ፣ ሁላችንም "እማዬ" የምንላት ሴት ናት። ጡረታዋ ተቃርቧል። እሷ ያለችውን ሊቀመንበሯም አትሽርም።

ምን እንሠራለን? አራስ እንጠይቃለን። ለቅሶ እንደርሳለን። እቁብ እንጥላለን። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ሞዴስ የሚቀመጥባት ካርቶን አለች፤ ያላት ትጨምራለች፣ የቸገራት ትወስዳለች፣ ማን ወሰደ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከክፍለ ሀገር የመጡ አዳዲስ ልጆች ሲቀጠሩ ቤት በጋራ ከሚከራዩ ጋር እናገናኛቸዋለን። የፈረሙትን ውልም አብረን እናነባለን፤ አብዛኞቹ የሚያነቡት ከፈረሙ በኋላ ነውና።

ከመካከላችን ወጣቶቹ "ኧረ እድር ሆንን" ይላሉ። ማኅበር ከሆንን ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሺፍት፣ ስለ ሰርቪስ እንከራከር፤ ለገንፎ መዞሩ ይብቃ ነው ነገሩ። ከሊቀመንበራችን ጋርም በዚህ ተኳርፈዋል። እኔ ከነሱ ጋር አይደለሁም። ሴት ልጅ ስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ የማትናገረውን፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላችሁ ገንፎ ስትበሉ ትነግራችኋለች። የዘንድሮውን ትልቁን ጉዳያችንን ያገኘነው እንደዚያ ነው።

ልጅቷ የኮሌታ ኦፕሬተር ናት። ፈጣን ናት፤ ታርጌቷን ከላይኑ ሁሉ ቀድማ ትጨርሳለች። የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ሳሪስ አካባቢ የተከራየችው ቤት ልንጠይቃት ሄድን። ገንፎው ቀርቦ፣ ቅቤና በርበሬው መሐሉ ገብቶ፣ ጨዋታው ደርቶ ሳለ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አየሁ። ከጤና ጣቢያ የተሰጣት ነው። "እስከ 6 ወር የእናት ጡት ወተት ብቻ" ይላል። ውሃም ቢሆን እንዳትሰጪው ብላታለች የጤና ኤክስቴንሽኗ። ልጅቷ ወረቀቱን በአገጯ አሳየችንና "እኔ በ3 ወሩ ሥራ ልገባ ነው። የቀረውን 3 ወር ማን ያጥባው? ሱፐርቫይዘሩ?" አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መልስ ያላት ግን አልነበረችም።

እስቲ ሕጉን ላስቀምጠው፤ በየጥየቃው ስለምንጠየቅ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ 120 ቀን ይሰጣል፤ 30 ከወሊድ በፊት፣ 90 ከወሊድ በኋላ፣ ሁሉም ከሙሉ ደመወዝ ጋር። ከድሮው በብዙ ይሻላል። የቀድሞው አዋጅ 377 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 60 ቀን ብቻ ነበር። ሁልጊዜ የምትነሣው ጥያቄ "የቅድሙን 30 ቀን ሳልወስድ እስከ ምጤ ሠርቼ፣ ስወልድ ደርቤ ልውሰደው?" የምትል ናት። አይቻልም። 30ው ሳያልቅ ከወለድሽ የ90ው ቆጠራ ይጀምራል፤ የቀረው ተቃጠለ ማለት ነው። በተቃራኒው 30ው አልቆ ምጡ ካልመጣ፣ እስክትወልጂ ተጨማሪ ፈቃድ አለሽ። ይህን ሁለተኛውን የሚያውቁት ጥቂት ናቸው፤ ቀኔ አለቀ ብላ ሆዷን ይዛ የተመለሰች ልጅ አይተናል። ነገሩ የገባቸው ደግሞ የዓመት ፈቃዳቸውን ያስከትላሉ። በመጀመሪያው ዓመት ያለሽ 16 የሥራ ቀን ነው። እሱ ተጨምሮም ልጁ 4 ወር አይሞላውም።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ብትሆኚ ወጉ ይለያል። በ2010 የወጣውና በ2017 በአዲስ አዋጅ የተተካው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064፣ መሥሪያ ቤቶች እናቶች የሚያጠቡበትና ልጅ የሚያቆዩበት ክፍል እንዲያዘጋጁ ይል ነበር። የእኛ አዋጅ ይህ የለውም። እርጉዝ ሴት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትሠራ ይከለክላል፤ ጎሽ። የምታጠባዋን ግን አያነሣትም። ማጥባትን በተመለከተ በ91ኛው ቀን ለሕጉ እንደ ማንኛዋም ሠራተኛ ነሽ። ከዚያ በላይ ያለውን የምናገኘው ማኅበሩና አሠሪው በሚፈራረሙት የኅብረት ስምምነት ተደራድረን ነው። ወጣቶቹን "ገንፎውና ድርድሩ አንድ ሥራ ነው" የምላቸው ለዚህ ነው።

ልጅቷ 3 ወሯን ጨርሳ ተመለሰች። ከእሷ የሚመጣልኝ ኮሌታ ልክ ነበር፤ እሷ ልክ አልነበረችም። ረፋድ ላይ ጋውኗ ደረቷ ላይ ሁለት ክብ እርጥበት ያወጣል። መጀመሪያ ውሃ የፈሰሰባት መስሎኝ ነበር። በሻርፕ ልትሸፍነው ትሞክራለች፤ ሻርፕ ደግሞ ማሽን ላይ ክልክል ነው፣ መርፌው ይዞ ይጎትተዋል። ሽንት ቤት ገብታ ወተቷን ታልበዋለች። ሲንክ ላይ እንዳታልበው ወረፋ የያዘው ሁሉ ያያታል። እዚያው ቀዳዳው ውስጥ ታፈሰዋለች። ሱፐርቫይዘሩም "ምልልስ አበዛሽ" ብሎ በቃል አስጠንቅቋታል። እሱም ከላይ የሰዓት ታርጌት አለበት፤ ቦርዱ ላይ በየሰዓቱ ቁጥር ይጽፋል። ይህንን ለእማዬ ስነግራት ጀበናዋን አስቀመጠች። "ላም እንኳ ስትታለብ ዕቃ ይቀርብላታል" አለች። ቃለ ጉባኤው ላይ እንዳለ ጽፌዋለሁ። ሊቀመንበሯ ሰርዢው ብላኝ ነበር። አልሰረዝኩትም።

እንዳጋጣሚ የኅብረት ስምምነታችን የ3 ዓመት ዕድሜ እያለቀ ነበር። ኮሚቴው ሦስት ነገር አዘጋጀ። አንደኛ፣ በር የሚዘጋ፣ ወንበርና የእጅ መታጠቢያ ያለው ንጹሕ ክፍል ከነፍሪጁ። ሁለተኛ፣ ልጁ 6 ወር እስኪሞላው በቀን አንድ ሰዓት ከደመወዝ ጋር። ሦስተኛ፣ እስከዚያው ድረስ ሌሊት ሺፍት እንዳትመደብ።

መጀመሪያ የተቃወሙን የገዛ ማኅበራችን ወንዶች ናቸው። "ይሄ የጥቂት ሰው ጥያቄ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ካበዛነው የደመወዝ ጭማሪውን ያስበላናል" አሉ። ክርክሩ ሞኝነት አልነበረም። ለግል ፋብሪካ የተቆረጠ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም፤ ሁሉም ዓይኑ ያለው ጭማሪው ላይ ነው። የእኔም ዓይን እዚያው ነው፣ ምን እደብቃለሁ።

ያዳነን አንድ የካቲንግ (ጨርቅ ቆረጣ) ክፍል ልጅ ነው። ሚስቱ ወልዳ ሲቀር ከዓመት ፈቃዱ ተቆርጦበት ነበር። እኛ ደግሞ ወሬውን የሰማነው እንደተለመደው በአራስ ጥየቃ ነው። አዋጁ ለአባትም 3 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣል። ልጁ አያውቅም። ጓደኞቹም አያውቁም። አንቀጹን በስልክ ፎቶ አንሥተን ላክንለት፤ ይዞት ሰው ሀብት ሄደ፤ ቀኖቹ ተመለሱለት። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ብድግ ብሎ "የነሱ ጉዳይ የእኛም ቤት ጉዳይ ነው" ሲል እኛ ተያየን። ከዚያ ወዲህ በሴቶች ጉዳይ ከእኛ በላይ የሚጮኸው እሱ ነው። አንዳንዴም ያበዛዋል።

አሠሪዎቹ የጠየቁን አንድ ነገር ነው፤ ስንት ሴት ትጠቀምበታለች? እኛም "ወልደው ያልተመለሱትን ከራሳችሁ ፋይል ቁጠሩ" አልን። ኮሌታ ላይ የሚቀመጥ ሰው በሳምንት አይሠለጥንም። አንዷ በቀረች ቁጥር አዲሷ እጇ እስኪፈታ ላይኑ ይጎተታል፣ የሚመለሰው ሸሚዝ ይበዛል። ይሄን የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ የተመለሰውን ሸሚዝ የምቆጥረው እኔ ነኝና። ርኅራኄያቸውን ብንለምን ኖሮ ሌላ ኬክ ይቆረስልን ነበር።

ክፍሉን ፈቀዱ። ሰዓቷንም ፈቀዱ፤ ግን ለሁለት ተከፍላ በግማሽ በግማሽ ሰዓት። የሌሊቱን ነገር "በተቻለ መጠን" ብለው ጻፉት። "በተቻለ መጠን" የምትል ሐረግ ውል ውስጥ ካያችሁ እጃችሁን ቶሎ ለፊርማ አትዘርጉ። እኛ ተከራክረን ደከመን፣ እሷ ግን እንደተቀመጠች ቀረች። በሚቀጥለው 3 ዓመት እንገናኛለን።

በዚያው ድርድር ሌላ ነገር አንሥተን ነበር። ባጭሩ ልለፈው፤ ሰዎቹ አሁንም አብረውን ይሠራሉ። አዋጁ በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል። የተተነኮሰችው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን መልቀቅ እንደምትችልም ይላል። የእኛዋ ልጅ ግን መልቀቅ አልፈለገችም። እንጀራዋ ነው። የፈለገችው እሱ ከአጠገቧ እንዲነሣላት ነው። አሁን በስምምነታችን ላይ አቤቱታ ሲቀርብ እስኪጣራ ድረስ ቦታ የሚቀይረው ተከሳሹ እንደሆነ ተጽፏል። ቀድሞ ሁልጊዜ የምትነሣው እሷ ነበረች። "ለደኅንነቷ" እየተባለ።

ክፍሉ የተሰጠን ካርቶን የሚከማችበት የነበረ ነው። ቅዳሜ ከሥራ በኋላ ጠረግነው፣ ቀለም ቀባነው። መጋረጃውን ከተራረፈ ጨርቅ ሰፋነው፤ ስፌት ፋብሪካ ሆነን ይሄ ቢያቅተን ያሳፍር ነበር። የፋብሪካው ክሊኒክ ነርስ መጥታ አስተማረችን። እጅና ዕቃው ንጹሕ ይሁን። የታለበ ወተት ክፍሉ ሙቀት ላይ ከ4 ሰዓት በላይ አይቆይ፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ለሕፃኑ ከጡጦ ይልቅ በንጹሕ ስኒ ቢሰጠው ይሻላል። ይኸው ነው። ለጊዜው ከካንቲኑ በረዶ እየወሰድን በፔርሙስ እናቆየዋለን። ማታ ልጅቷ ይዛው ትሄድና አከራይዋ ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጠዋለች።

ችግሩ ቤት ደረሰ። ልጁን የምትይዘው የልጅቷ እናት ናት፤ ከገጠር ለዚሁ ብላ የመጣች። ፔርሙሱን ስታይ አበደች። "የሰው ወተት በበረዶ? ልጄን ብርድ ልታስመቱት ነው?" አለች። የነርሷ ትምህርት ቢነገራት አልሰማ አለች። አከራይዋ ፍሪጅ ውስጥ ከሥጋ ጎን ተቀምጦ አድሯል ሲሏት ደግሞ ጭራሽ ባሰባት። በመጨረሻ እማዬን ይዘን ሄድን። ሁለቱ ለብቻቸው ተቀመጡ። ምን እንደተባባሉ ሙሉውን አልሰማሁም፤ "እህቴ፣ እኛ ልጅ አዝለን ነው የሠራነው፤ እነዚህ ማሽን ላይ ሊያዝሉት ነው?" ስትል ሰማኋት። ከዚያ እማዬ ፍል ውሃ በሳህን አስመጣች፣ ስኒውን ውስጡ አቆመች፣ ወተቱ ለብ ሲል ጠብታ በእጇ ጀርባ ላይ አድርጋ ለሴትየዋ አስነካቻት። ሕፃኑ ስኒውን ጨለጠው። አያትየዋ ተስማማች፣ ግን በቅድመ ሁኔታ፤ ፔርሙሱ በነጠላ ተሸፍኖ ይምጣ፣ ዓይን እንዳይበላው። እሺ አልን። አሁን ልጅቷ ሰርቪስ ላይ ስትወጣ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ ነው፤ ሾፌሩ ጠላ መስሎት ይቀልድባታል።

ሌሎች ሦስት ልጆች ከእሷ በኋላ ይመለሳሉ። አንዷ ከእኔው ክፍል ናት። ጫጫታው አሁን ስለ ቁልፉ ነው፤ የክፍሉ ቁልፍ የስቶር ኃላፊው ጋ ነው፣ እሱ ደግሞ ምሳ ሲወጣ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይሄዳል። ቅጂ አስቀርጸን ለእማዬ ልንሰጣት ነው፤ ፈቃድ ለመጠየቅ ደብዳቤ መጻፍ ያስፈልጋል የሚል ሰው መጥቷል፣ እስካሁን አልጻፍኩም። ፍሪጁ ገና አልተገዛም። ግዢ ክፍል የሦስት ድርጅት ፕሮፎርማ አምጡ ብሎናል። ሁለቱ ተገኝቷል። ሦስተኛውን ሰኞ በመርካቶ በኩል የምትመጣው ልጅ ትይዘዋለች፤ ማኅተም ያለበት እንዲሆን አደራ ብያታለሁ።