ላቡን የሚጠርግለት ሰው

አክስቴ እሁድ የእረፍት ቀኗ ነው። ዛሬ ሲንታግማ አደባባይ ይዛኝ ወጣች። አቴንስ ስትኖር ሃያ ዓመት አልፏታል፤ «ወታደሮቹን ሳታይ ብትመለሺ እናትሽ ምን ትለኛለች?» ትላለች።

ፎቶአቸውን ቀድሜ አይቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ስቄባቸዋለሁ። ነጭ ቀሚስና ነጭ ታይት የለበሰ፣ የጫማው ጫፍ ላይ ጥቁር የክር ኳስ የተሰፋለት ወታደር ማንን ያስፈራል?

ኤቭዞን ይባላሉ፤ የግሪክ የክብር ዘቦች ናቸው። የሚቆሙት ፓርላማው ፊት ለፊት፣ ስሙ ያልታወቀው ወታደር መቃብር ግራና ቀኝ ነው። አብዛኞቹ የውትድርና ግዴታቸውን የሚወጡ ወጣቶች ናቸው፤ ለዚህ ሥራ ግን ቁመት ያስፈልጋል። በሌላው ቀን ቀለል ያለ ልብስ ይለብሳሉ። እሁድ በእኛ 5 ሰዓት ላይ ግን በሙዚቃ ባንድ ታጅበው በሙሉ የክብር ልብሳቸው ይመጣሉ።

ቀሚሱ ፉስታኔላ ነው። 400 ሽንሽን አለው፤ ኦቶማኖች ግሪክን ለገዙበት 400 ዓመት ነው ይባላል። ይህን ስነግራት አክስቴ የታሪኩ ነገር አላስጨነቃትም።

«ይሄን ሁሉ ማን ይተኩሰዋል?» አለች።

ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ልብስ ስትተኩስ ለኖረች ሴት ተገቢ ጥያቄ ነው።

ከዚያ ጫማው መጣ። ከማየቴ በፊት ሰማሁት። ከሥሩ በሚስማር የተመታ ነው፤ ክብደቱ ደግሞ ኪሎ የሚቆጠር። ወታደሩ እግሩን ቀስ አድርጎ ያነሳል፣ አየር ላይ ያቆየዋል፣ ከዚያ መሬቱን ፋቅ አድርጎ ያወርደዋል። ዝግታው ለወግ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ለቆመ ሰው፣ ደሙ እንደገና እንዲዘዋወር ጭምር ነው።

ሥርዓቱ አልቆ ሰው ሲበተን እኛ ቀረን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። የግራው ልጅ ጉንጩ ላይ ላብ ወርዶ አገጩ ላይ ተንጠለጠለ። አይጠርገውም፤ አይችልም። እኔ ራሴ አገጬን ጠረግኩ።

ይሄኔ ተራ የወታደር ልብስ የለበሰ ሌላ ሰው ቀረበው። ፊቱ አጠገብ ሆኖ የሆነ ነገር ጠየቀው። ልጁ ዓይኑን ጨፈን ከፈት አደረገ። ሰውዬው በመሀረብ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ አገጩን ቀስ አድርጎ ጠረገለት። ከቀይ ቆቡ የሚወርደውን ረጅም ጥቁር ዘርፍ ትከሻው ላይ አስተካከለለት። ጎንበስ ብሎ ሽንሽኑን በእጁ አለሰለሰ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ አየውና፣ እንደገና ተመልሶ ዘርፉን ነካ አደረገ። እናት ልጇን ለጥምቀት አልብሳ ስታየው እንዲህ ናት።

ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከሰውዬው ላይ መንቀል አቃተኝ። ቱሪስቱ «ዞር በልልን» በሚል ዓይነት ነው የሚያየው።

ማታ ፎቶዎቹን ለአክስቴ አሳየኋት። ግማሾቹ ላይ የሰውዬው ጀርባ ገብቷል። እሷ ግን እሱንም አላየችው፣ ልጁንም አላየችው። ስልኬን ተቀብላ ቀሚሱን በሁለት ጣቷ አጎላችው።

«አንዱ እንኳ አልተጨማደደም እኮ» አለች።