አራት ግራፍ በአንድ ገጽ ልደረድር ብዬ ያየሁት አበሳ

አራት ግራፎችን በአንድ ገጽ ለመደርደር ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሥራው ግን የአንድ ሰዓት ነበር።

አር (R) በሚባለው የዳታ መተንተኛ የፕሮግራም ቋንቋ፣ እንደማንኛውም ጀማሪ «ፓር» (par) የሚባለው የግራፍ ማስተካከያ ትእዛዝ ውስጥ ገብቼ፣ ረድፍና ዓምድ የሚወስነውን «ኤምኤፍሮው»ን (mfrow) 2 በ2 አደረግኩ። ግራፎቼ የተሠሩት ግን ጂጂፕሎት2 (ggplot2) በሚባል የአር ፓኬጅ፣ ማለትም የተጨማሪ ትእዛዞች ጥቅል ነው። እሱ ደግሞ የሚስለው «ግሪድ» በሚባል ሌላ ሥርዓት ስለሆነ የፓርን ትእዛዝ ከነመፈጠሩም አያውቀው። የሚያናድደው ስህተት አለመጻፉ ነው፤ ዝም ብሎ አንድ በአንድ ያወጣል። ግራፎችን የሚያገጣጥመውን ፓችወርክ (patchwork) የሚባል ፓኬጅ ስጭን ነገሩ በአንድ መስመር አለቀ። በግራፎቹ ስም መካከል፣ ጎን ለጎን ከሆነ ቁም መስመር (|)፣ ላይና ታች ከሆነ እዝባር (/)።

ጉዴ የፈላው ሳስቀምጠው ነው።

የግራፉን መስኮት ስክሪኔ ላይ ለጥጬ፣ ሲያምርልኝ «ጂጂሴቭ» (ggsave) የሚለውን የማስቀመጫ ትእዛዝ ሰጠሁ። ወርድና ቁመት አልጻፍኩም። ካልነገራችሁት የተከፈተውን መስኮት መጠን ይወስዳል። የእኔ ወርዱ 40 ሴንቲሜትር ገደማ ነበር። ኤ4 ወረቀት 21 ነው፤ በግራና በቀኝ 2.5 ኅዳግ ሲቀነስ 16 ይቀራል። ግራፉ ወደ 16 ሲጨመቅ ፊደሉም አብሮ ተጨመቀ። ጂጂፕሎት በ8.8 ነጥብ (የፊደል መጠን መለኪያ ነው) የጻፋቸው የዘንግ ቁጥሮች ወረቀቱ ላይ 3.5 ሆኑ። አማካሪዬ ገጹን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው «ይሄ ቁጥር ነው ጉንዳን?» አሉኝ።

እኔ ሆዬ፣ ጥራት የጎደለው መስሎኝ ዲፒአዩን (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉትን የምስል ነጠብጣቦች ብዛት) ከ300 ወደ 600 አወጣሁት። ፋይሉ ከበደ። ጉንዳኖቹ ግን ጉንዳን ሆነው ቀሩ፤ ጥርት ያሉ ጉንዳኖች። ዲፒአይ የነጠብጣብ ብዛት እንጂ የፊደል መጠን አለመሆኑን እስክረዳ ሌሊቱ ነጋ። ከዚያ አራቱንም ግራፍ እየከፈትኩ ፎንቱን አሳደግኩ። በማግስቱ መስኮቱን ሳላስተውል አጥብቤው ነበርና ያሳደግኩት ፊደል ግራፉን ዋጠው። ኮዱ ያው ነው፣ ውጤቱ ሌላ! ራሴን መምታት ነው የቀረኝ።

መማሪያዎች መጠንን የሚያነሱት መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም ካነሱት። እኔ ግን ገና አንድ ነጥብ ሳትስሉ ወስኑት እላለሁ። ወርድ 16፣ ቁመት 18፣ «ዩኒትስ» (units፣ መለኪያው) ሴንቲሜትር። ዩኒቱን ከረሳችሁ ኢንች አድርጎ ይወስደዋል፤ እሱንም ቀምሼዋለሁ። ከዚያ ፒዲኤፉን በ100 ፐርሰንት ከፍታችሁ አንብቡት። መስኮቱ ላይ የምታዩትን አትመኑ።

ሌጀንዶቹን (የቀለምና የምልክት መግለጫዎቹን) በፓችወርክ «ጋይድስ» (guides) ላይ «ኮሌክት» (collect) ብላችሁ አንድ ቦታ መሰብሰብ ትችላላችሁ፤ ፍጹም አንድ ዓይነት ካልሆኑ ግን አይዋሃዱም። አንዱን ዳታ በየምድቡ መከፋፈል ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ፓችወርክም አያስፈልግ፤ የጂጂፕሎት2 «ፋሴት ራፕ» (facet_wrap) ይበቃል። ዘንጉንም እኩል ያደርግላችኋል።

ከስድስት ግራፍ በላይ አንድ ገጽ ላይ መጫን ግን አይገባኝም። ለቀጣዩ ምዕራፍ አማካሪዬ ዘጠኝ ይሁኑ ብለውኝ ነበር። ስድስት አድርጌ ሰጠኋቸው። አልቆጠሯቸውም።