የፍሬን ሸራ በግቢያችን ውስጥ

ዛሬ አራት ኪሎ በሚገኘው ግቢያችን የመኪናዬን የፊት ፍሬን ሸራ ራሴ ቀየርኩ። ሰሞኑን ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስወርድ፣ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ቀጭን የብረት ጩኸት ይሰማኝ ነበር። ጩኸቱ የሚመጣው ሸራው ሲያልቅ ከጎማው ጋር የሚሽከረከረውን የብረት ዲስክ እንዲነካ ሆን ተብሎ ከተሠራ ትንሽ ብረት ነው። ጎማውን ፈትቼ ሳየው የሸራው ውፍረት ከ3 ሚሊሜትር በታች ወርዷል።

አዲሱን ከሶማሌ ተራ ገዛሁ፤ ለሁለቱም የፊት ጎማዎች። አንዱ ብቻ ከተቀየረ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ሊጎትት ይችላል። ሥራው ከጉልበት ይልቅ ትዕግሥት ይፈልጋል። መኪናን በክሪክ ብቻ ማንሳት ግን በሕይወት መቀለድ ነው፤ ጠንካራ የብረት መደገፊያ የግድ ያስፈልጋል። ሸራውን የሚይዘው ካሊፐር በዘይት ቱቦው እንዳይንጠለጠል በሽቦ አሰርኩት። በካሊፐሩ ውስጥ ሆኖ ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን ወደ ውስጥ ስመልስ የፍሬን ዘይቱ ሞልቶ እንዳይፈስ፣ ጎረቤታችን ጋሼ «ቀስ በል ልጄ» እያሉ ይጠብቁልኝ ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ!

ለምትሞክሩ ሁሉ፦ መኪናውን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ። ይህ ከተዘለለ የመጀመሪያው ፍሬን ባዶ ይሆናል፤ ከተማችን ደግሞ ቁልቁለቷም እግረኛዋም ብዙ ነው።