በግድግዳው በኩል የሰማሁት

የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው ስስ ነው። ጎረቤቴ ቡና ስትወቅጥ ይሰማኛል። ባሏ ሲመታትም ይሰማኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ።

መጀመሪያ ላይ ቴሌቪዥኑን ከፍ አደርግ ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ጠዋት ደረጃ ላይ ስንገናኝ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተሸፋፍና «እንዴት አደሩ እትዬ» ትለኛለች። እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ አልፋለሁ። «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ነው ያደግነው። የኔ ዝምታ ግን ነቅዟል።

ያነቃኝ ልጇ ነው። ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ትምህርት ቤት አልሄደም። ምሳም አልበላም። «ምነው የኔ ጌታ?» አልኩት። «አባዬ ቁልፉን ይዞት ሄደ» አለኝ። እናቱ ውስጥ ነበረች።

ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ገብቷል። ሦስቴም ጉልበት ስሞ ታርቋል። አንዴ ብቻዋን ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ «የባልና ሚስት ነገር ነው፣ እዚያው ጨርሱት» ብለው መልሰዋታል። በሩ የተከፈተላት ቀን ግን ብቻዋን አልሄደችም። አብሬያት ሄድኩ። የሴቶችና የሕፃናትን ጉዳይ የምትይዝ መርማሪ አለች ተባልን፤ እሷ እስክትመጣ ጠበቅን። ቃሏን ተቀብላ ለሕክምና ማስረጃ ደብዳቤ ጻፈችላት። «ዛሬውኑ ሂጂ፣ ሰንበሩ ሳይጠፋ» አለቻት። ለካ ባለፉት ሁለት ዓመታት አንድም የሐኪም ወረቀት አልነበራትም። እርቅ ወረቀት የለውም።

ሕጉን ያወቅሁት በዚህ ሰበብ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊትን ለይቶ ይጠቅሳል። ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩትንም ይጨምራል። የሚጠብቀው አካልን ብቻ አይደለም፤ የአእምሮ ጤንነትንም ነው። ይህን ሳነብ ጎረቤቴ የባሏን ኮቴ ሰምታ የምትደነግጠው ድንጋጤ ትዝ አለኝ። አንቀጽ 576 ደግሞ የልጁ ነው። ልጅ በኃላፊነት የያዘ ሰው ቢበድለው፣ ችላ ቢለው፣ ከአቅሙ በላይ ቢያሠራው ወይም ቢደበድበው ያስቀጣል። ደረጃ ላይ ተርቦ የተቀመጠው ልጅ በሕግ ስም አለው ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማህበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች በነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የፍቺ ማመልከቻዋን እዚያ ጻፉላት። የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ ፍቺው እስኪያልቅ ልጁ ከማን ጋር እንደሚሆን፣ ቀለቡን ማን እንደሚከፍል ፍርድ ቤቱ ወዲያው ትእዛዝ እንዲሰጥ ያደርጋል። ከሁለቱ አንዱ ከቤት መውጣት ካለበትም የልጆቹ ጥቅም ይታያል። ሁልጊዜ ሴቷ ናት ልጇን አዝላ የምትወጣው ብዬ አስብ ነበር። እዚህ የወጣው እሱ ነው።

በወንጀሉ ጉዳይ ምስክር ሆኜ ቀረብኩ። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። የእሱ ጠበቃ «ሲመታት በዓይንሽ አይተሻል?» አለኝ። «አላየሁም። ሰምቻለሁ» አልኩ። ስንት ጊዜ እንደሰማሁ፣ በማግስቱ ፊቷን እንዴት እንዳየሁት፣ ልጁ ምን እንዳለኝ ተናገርኩ። እሷ ወደ እኔ አላየችም፤ መሬት መሬት ታያለች። እኔም ሁለት ዓመት የት ነበርሽ ብትለኝ ምን እመልሳለሁ እያልኩ ነበር። እስከ ዛሬ አልጠየቀችኝም። መዝገቡ ገና በቀጠሮ ላይ ነው።

ባለፈው እሁድ የእድር ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት «ሐኪም አይቷታል ወይ? ልጁ የት ነው?» ተብሎ ይጠየቅ አልኩ። የእድሩ ዳኛ «ልጄ፣ እኛ እኮ ትዳር እንዳይፈርስ ነው የምንለፋው» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከልባቸው ነው። «ጋሼ፣ እሷስ እንዳትፈርስ?» አልኳቸው። ቤቱ ዝም አለ። ከኋላ የነበሩ ሁለት ሴቶች ግን እጃቸውን አወጡ። ጊዜው አለቀና ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ አሳደርነው።