ውስጡንስ አይተኸዋል?

የምሠራው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። ድርጅታችን ዕቃ አስተላላፊ ነው። ከጅቡቲ የሚገባ ዕቃ ሰነዱ በእኛ ሲስተም ያልፋል። ሰርቨሩን የምይዘው እኔ ነኝ። ሲስተሙ የተሠራው በአምስት የዶከር ኮንቴይነሮች ነው፤ ዶከር ፕሮግራምን ከሚያስፈልጉት ፋይሎች ጋር አሽጎ የሚያስኬድ መሣሪያ ነው፣ እሽጉ ሲሠራ ኮንቴይነር ይባላል።

ጥቅምት 15 ቀን 2015 ዓ.ም. የኦፕን ኤስኤስኤል አዘጋጆች ማስታወቂያ አወጡ። ከሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ ጥቅምት 22፣ 3.0.7 የሚባል ስሪት እንለቃለን አሉ። የሚደፍነው ክፍተት በእነሱ መለኪያ የመጨረሻው አሳሳቢ ደረጃ ላይ ያለ ነው አሉ። ዝርዝሩን ግን ያዙት። ኦፕን ኤስኤስኤል በኔትወርክ የምንልከውን መረጃ የሚያመሰጥር ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ ነው፤ የሌለበት ሰርቨር ማግኘት ይከብዳል። በ2006 ዓ.ም. ኸርትብሊድ የተባለው ክፍተት የተገኘው እዚሁ ላይብረሪ ውስጥ ነበር። ያኔ አጥቂ አንድ ጥያቄ በላከ ቁጥር እስከ 64 ኪሎባይት ከሰርቨሩ ሜሞሪ ይቀዳ ነበር። ያንን ስለማስታውስ ሳምንቱን ሙሉ በደንብ አልተኛሁም።

ስሪቱ የሚለቀቀው በእኛ ሰዓት ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 2 ባለው ጊዜ ነበር። ቢሮ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ሲወጣ ደረጃው አንድ እርከን ዝቅ ብሎ ነበር፤ ቢሆንም ቀላል አይደለም። ላይብረሪው ሰርተፍኬት (በኔትወርክ የሚላክ የማንነት ማረጋገጫ) ሲመረምር፣ ውስጡ ያለው የኢሜይል አድራሻ ሆን ተብሎ የተበላሸ ከሆነ፣ ከተመደበለት ቦታ አልፎ 4 ባይት ይጽፋል። የሚነካው ከ3.0.0 እስከ 3.0.6 ያሉትን ነው። የቆየው 1.1.1 ነፃ ነው።

ሰርቨራችን የሚሠራው ኡቡንቱ 22.04 በሚባል ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። የኡቡንቱ ማሻሻያ እንደወጣ ጫንኩ፤ ሪስታርት አደረግኩ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ለአለቃዬ ደወልኩና «አልቋል፣ ተኛ» አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ከዩኒቨርሲቲ ለተግባር ልምምድ የመጣች ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ የሠራሁትን ትጠይቀኛለች። ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «አቦ፣ ውስጡንስ አይተኸዋል?» አለችኝ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም የለም፤ ጥያቄውም እንደ አጠራሩ ቀጥ ብሎ ነው የመጣው።

አላየሁም ነበር። ኮንቴይነር ከሰርቨሩ የሚጋራው ከርነሉን፣ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት ነው። ላይብረሪውን ግን ኢሜጁ (ኮንቴይነሩ የሚነሳበት የተዘጋጀ ቅጂ) በተሠራ ቀን ይዞት የገባውን ነው የሚጠቀመው። እኔ ያደስኩት የውጪውን ብቻ ነው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። በዚያ ማታ ግን አላሰብኩትም፤ ለሰው «አልቋል» ማለቴ ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ።

አንድ በአንድ ገባንባቸው። ሦስቱ አልፓይን በሚባል ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የተሠሩ ኢሜጆች ነበሩ። ውስጣቸው 1.1.1 ስለሆነ አለፍናቸው። ሁለቱ የኡቡንቱ 22.04 ሆነው ተገኙ፤ የኦፕን ኤስኤስኤል ፓኬጃቸው የድሮው ነው። እዚህ ላይ የስሪት ቁጥር ብቻ ማየት ያታልላል። ኡቡንቱ ጥገናውን ወደ ነበረው ስሪት መልሶ ስለሚከት፣ የታደሰውም ያልታደሰውም 3.0.2 ነኝ ይላል። መታየት ያለበት ከኋላ የሚቀጠለው የፓኬጁ ቁጥር ነው።

ሁለቱን ኢሜጆች እንደገና ሠራናቸው። በደቂቃ ውስጥ አለቀ። ልጅቷ ፍጥነቱ አላማራትም፤ ገብታ አየች። ፓኬጁ ያው የድሮው! ዶከር የማሻሻያውን ትዕዛዝ ከዚህ በፊት ሠርቼዋለሁ ብሎ፣ ያስቀመጠውን የድሮ ንብርብር አንስቶ ሰጥቶናል። ያስቀመጠውን እንዳይጠቀም አዘን፣ መነሻውንም ኢሜጅ አዲስ አስወርደን ደገምነው። በኢንተርኔታችን ፍጥነት እስከ ምሳ ድረስ ፈጀ።

ከሰዓት በኋላ ከተማው ሙቀቱን ሸሽቶ ጭር ሲል ያለፍናቸው ሦስቱ ትዝ አሉኝ። አንዱ ላይ የሚሠራው ኖድ 18፣ የጃቫስክሪፕት ፕሮግራሞች ማስኬጃ ነው። ኖድ ደግሞ የሲስተሙን ላይብረሪ አይጠብቅም፤ የራሱን ኦፕን ኤስኤስኤል እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ አዋህዶ ይዞ ነው የሚመጣው። ለብቻው የሚታይ ፋይል የለውም፤ የአልፓይንን ፓኬጆች ብቻ የሚቆጥር ሰው አያገኘውም። የያዘውን እንዲናገር ራሱን ኖድን ጠየቅነው። 3.0.5 አለ። ያ ኮንቴይነር ደግሞ ወደ ሌሎች ሰዎች ሰርቨር እየወጣ ሰርተፍኬት የሚቀበለው ነው። ከአምስቱ በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነው።

የተስተካከለው ኖድ ገና አልወጣም። ለአለቃዬ መንገር ነበረብኝ። ዕድሜውን በትራንዚተርነት የጨረሰ ሰው ነው፤ የቴክኒኩን ወሬ አይወድም። ልጅቷ ቀደመችኝና «መጋዘኑን ነው ያጸዳነው፤ ኮንቴይነሩን አልከፈትነውም» አለችው። ወዲያው ገባው። አልተቆጣም። «ያልተፈተሸ ዕቃ ላይ አልቋል ብለህ አትፈርምልኝ» ብቻ አለኝ። ያ ኮንቴይነር ከምናውቃቸው ጥቂት አድራሻዎች ውጪ እንዳይወጣ ዘጋነው። ሁለት ደንበኞች ሰነዳቸው ዘገየ፤ ይቅርታ ጠየቅን።

ዓርብ ጥቅምት 25 ኖድ 18.12.1 ወጣ። ማታውኑ ቀየርነው። ስንጠይቀው 3.0.7 ሲል ልጅቷ ቁጥሩን ደብተሯ ላይ ጽፋ ከሥሩ ሰዓቱን አሰፈረች።

ቅዳሜ ጠዋት ቡና ይዤ የኢሜጆቹን ዝርዝር ስጽፍ አንድ ነገር መጣብኝ። ክረምት ላይ ደወሌ ላለው ቅርንጫፋችን ያንኑ የኖድ ኢሜጅ በፍላሽ ሹፌር አስይዤ ልኬ ነበር። ኔትወርኩ ስለማያስወርድላቸው። ደወልኩ። መስመሩ ሁለቴ ተቆረጠ። ለልጁ ትዕዛዙን ፊደል በፊደል አነበብኩለት፤ ጽፎ አስገባና የወጣለትን ቀስ ብሎ አነበበልኝ፦ «ሦስት ነጥብ ዜሮ ነጥብ አምስት።»

ቡናዬን አስቀምጬ ፍላሽ መፈለግ ጀመርኩ። የደወሌ መኪና የሚወጣው 5 ሰዓት ላይ ነበር።