የ1952 ሁለት ብቸኞች

ሁለተኛው የፊልም ደብተሬ ሊያልቅ ጥቂት ገጾች ቀርተውታል። ልማዱን ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ደንቡ ቀላል ነው፤ በየሳምንቱ በአንድ ዓመት የተሠሩ ሁለት ፊልሞች አያለሁ፣ አንዱን ከአውሮፓ፣ አንዱን ከአሜሪካ። ከመተኛቴ በፊት ስለ እያንዳንዱ አንድ ገጽ እጽፋለሁ። ታሪኩን አልጽፍም፤ የምጽፈው ዓይኔ ላይ የቀረውን ብቻ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የፊልሞቹን መጨረሻም ስለማነሳ ያላያችሁት ካለ ቀድማችሁ ብታዩት እመርጣለሁ።

ወደዚህ ልማድ ያስገባኝ ከአንድ ወዳጄ ጋር የነበረን ክርክር ነው። እኔ ያደግሁት በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት፣ በእንጨት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን የአሜሪካ ፊልም እያየን ነው። እሱ ደግሞ የፈረንሳይና የጣሊያን ፊልም ወዳጅ ነበር። የአሜሪካው ያጫውታል፣ የአውሮፓው ያሳስባል ይለኛል። እኔም የአውሮፓው ያስተኛል ብዬ እመልስለት ነበር። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ሁለታችንም ያየነው ጥቂት መሆኑ ገባኝ። እኔ ስለ አውሮፓ ፊልም የማወራው አምስት ስድስት ፊልም አይቼ ነበር፤ እሱም ከ1960 በፊት የተሠራ የአሜሪካ ፊልም አይቶ አያውቅም። ደብተሩን የገዛሁት በዚያው ሳምንት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ነበሩ። በ1960 ጀመርኩ፤ ከጣሊያን የሚኬላንጄሎ አንቶኒዮኒን “ላቬንቱራ”፣ ከአሜሪካ የአልፍሬድ ሂችኮክን “ሳይኮ” መረጥኩ። “ላቬንቱራ”ን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ አቋረጥኩት። ጓደኛሞች በጀልባ ወደ አንዲት ደሴት ይሄዳሉ፣ አና የምትባለው ሴት ትጠፋለች፣ ይፈልጓታል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ፍለጋውን ይተዉታል። አና አትገኝም። የት እንደገባችም ማንም አይነግረንም። ፊልሙ በካን ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ተመልካቹ በጩኸት እንደተቃወመው ሳነብ ብቻዬን እንዳልሆንኩ አውቄ ተጽናናሁ፤ በዚያው ፌስቲቫል የዳኞች ሽልማት ማግኘቱን ሳነብ ግን ለሦስተኛ ጊዜ ጀመርኩት። ልዩነቱ የገባኝ “ሳይኮ”ን ካየሁ በኋላ ነው። ሂችኮክም ዋና ገጸ ባሕርይ ናት ብለን የተከተልናትን ሴት ፊልሙ ከመጋመሱ በፊት ይነጥቀናል። ሁለቱ ፊልሞች ለተመልካች የቀረቡት በአንድ ወር ገደማ ልዩነት ነው። ሂችኮክ ሴቲቱን በወሰደ ማግስት ቶሎ ብሎ ሌላ ሰው፣ ሌላ ጥያቄ፣ ሌላ ስጋት ይሰጠናል። አንቶኒዮኒ ባዶውን ቦታ እንደባዶ ይተወዋል። በደብተሬ ላይ “አንዱ ጉድጓዱን ይሸፍነዋል፣ ሌላው ጠርዙ ላይ ያቆመኛል” ብዬ ጽፌያለሁ። ዛሬም ቢሆን “ላቬንቱራ”ን እወደዋለሁ ለማለት አልደፍርም። አከብረዋለሁ።

እዚህ ላይ እንደ እኔ አፉን በአማርኛ የፈታ ተመልካች የሚገጥመውን አንድ ችግር ላንሳ። የጣሊያንኛውን ወይም የስዊድንኛውን ንግግር የምከታተለው በእንግሊዝኛ የትርጉም ጽሑፍ ነው። ይኸውም አንድ የባዕድ ቋንቋ በሌላ የባዕድ ቋንቋ ማለት ነው። ዓይኔ ከታች ያለውን መስመር ሲያሳድድ ከላይ ያለው ፊት ያመልጠኛል። ፊልሙ ያስተኛል እል በነበረበት ዘመን ግማሹ ድካም የንባብ ድካም እንደነበረ አሁን አውቄያለሁ። መፍትሔ ያልኩት ፊልሙን ሁለት ጊዜ ማየት ነው፤ መጀመሪያ ጽሑፉን እያነበብኩ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ጽሑፉን አጥፍቼ። ሁለተኛው እይታ ሁልጊዜ ይበልጣል። ለአሜሪካ ፊልም ደግሞ ተቃራኒውን አደርጋለሁ፤ አሥር ደቂቃ ያህል ድምፁን ዘግቼ አየዋለሁ። የሲድኒ ሉሜትን “አሥራ ሁለቱ ቁጡ ሰዎች” (1957) እንዲህ ሳየው ክፍሉ እየጠበበ መሄዱን አስተዋልኩ። በአንድ የወንጀል ክስ ላይ እንዲፈርዱ ከሕዝቡ የተመረጡ አሥራ ሁለት ተራ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ይከራከራሉ፤ ካሜራው በመጀመሪያ ከዓይናቸው ከፍ ብሎ ያያቸዋል፣ ክርክሩ ሲከርር ዝቅ ይላል፣ ሌንሱም ግድግዳውን ወደ ጀርባቸው የሚያስጠጋ ዓይነት ይሆናል። ሉሜት ይህን ሆን ብሎ ማድረጉን ኋላ አነበብኩ። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ያየኋቸው ፊልሞች ስንት እንዲህ ያለ ሥራ ደብቀውብኝ እንደነበር ሳስብ ይቆጨኛል።

አሁን ይህን ጽሑፍ ወደጻፍኩበት ምክንያት ልምጣ። ባለፈው ወር ተራው የ1952 ነበር። ከጣሊያን የቪቶሪዮ ዴ ሲካን “ኡምቤርቶ ዲ”፣ ከአሜሪካ የፍሬድ ዚነማንን “ሃይ ኑን” መረጥኩ። የመረጥኳቸው ዓመታቸው ስለገጠመ ብቻ ነበር። አንዱ ሮም ውስጥ በጡረታ አበሉ መኖር ያቃተው አዛውንት ታሪክ ነው፤ ሌላው የካውቦይ ፊልም፣ ሽጉጥና ፈረስ ያለበት። ምን ያገናኛቸዋል ብዬ ነበር።

“ሃይ ኑን” ውስጥ ዊል ኬን የተባለ የሕግ አስከባሪ በሠርጉ ቀን ሥራውን ሊለቅ ሲል ክፉ ጠላቱ በእኩለ ቀን ባቡር እየመጣ መሆኑን ይሰማል። ዕርዳታ ፍለጋ በየበሩ ይዞራል። ዳኛው ሻንጣውን ጠቅልሎ ይሄዳል፣ ምክትሉ ባጁን ይመልሳል፣ አንዱ ወዳጁ ሚስቱን “የለም በይው” ብሎ ቤት ውስጥ ይደበቃል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ተወያይቶ ተወያይቶ ከተማውን ለቀህ ብትሄድ ይሻላል ይለዋል። “ኡምቤርቶ ዲ” ውስጥ አቶ ኡምቤርቶ የቤት ኪራይ ዕዳ አለበት፤ አከራዩዋ ልታስወጣው ነው። የድሮ ባልደረቦቹን መንገድ ላይ ያገኛል። ሰላምታ ይሰጡታል፤ ስለ ገንዘብ ሊያነሳ ሲል አውቶቡሳቸው ይደርሳል፣ ሥራ ይጠራቸዋል። ሁለቱም ፊልም አንድ ከተማ ሙሉ ሰው አንድን ሰው ብቻውን ሲተወው ያሳያል። ሁለቱም ውስጥ ባቡር አለ። አንዱ 85 ደቂቃ፣ ሌላው 89 ደቂቃ ነው። ዘገምተኛ እያልኩ ስማረርበት የኖርኩት ዓይነት ፊልም ከካውቦዩ የሚረዝመው በአራት ደቂቃ ብቻ ነው!

ከሁሉ ያስደነቀኝ የሰዓቱ ነገር ነው። “ሃይ ኑን” ውስጥ ታሪኩ የሚሄደው ተመልካቹ በተቀመጠበት ጊዜ ልክ ማለት ይቻላል፤ በየክፍሉ የግድግዳ ሰዓት አለ፣ ፔንዱለሙ ይወዛወዛል፣ ደቂቃው እኩለ ቀንን እያሳደደ ይሮጣል። አቶ ኡምቤርቶ ግን በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ሰዓቱን ይሸጣል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ይህን ሳገናዝብ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። አንዱ ሰው ጊዜ ጎድሎበት ይጨነቃል፤ ሌላው ጊዜ ተርፎት የሚያደርገው አጥቷል፣ ጊዜውንም ሸጦ በልቶታል። ኬን እስከ እኩለ ቀን ከዘለቀ ነገሩ ያበቃል። ኡምቤርቶ የሚጠብቀው ሰዓት የለም፤ ነገም እንደዛሬው ነው።

“ኡምቤርቶ ዲ” ውስጥ ስለ ፊልም የጻፉ ብዙዎች ደጋግመው የሚያነሡት የማእድ ቤት ትዕይንት አለ። የቤቱ ሠራተኛ ማሪያ ገና ጎሕ ሲቀድ ትነሣለች። ክብሪት ጭራ እሳት ታቀጣጥላለች። በመስኮት ስታይ ድመት በጣሪያ ላይ ትሄዳለች። ግድግዳው ላይ የተሰለፉትን ጉንዳኖች በውኃ ታባርራለች። ሆዷን ትዳብሳለች፤ አርግዛለች፣ የልጁ አባት ማን እንደሆነም በእርግጥ መናገር አትችልም። ከዚያ የቡና መፍጫውን ይዛ ትቀመጥና እየፈጨች እንባዋ ይወርዳል፤ እንደተቀመጠች በእግሯ ጣት በሩን ለመዝጋት ትንጠራራለች። ይኸው ነው። ንግግር የለም።

ይህን ለሁለተኛ ጊዜ ሳየው እናቴ ሻይ ይዛልኝ ገባች። ቆማ ተመለከተች። ከፊልሙ በፊቱን አላየችም፣ ጣሊያንኛም እንግሊዝኛም አታውቅም። ማሪያ መፍጫውን ስትይዝ “ይህች ልጅ አርግዛለች እንዴ?” አለችኝ። እንዴት አወቅሽ ስላት “እንዲህ የሚያስፈጭ ሌላ ምን አለ” አለችና ተቀመጠች። እስከ መጨረሻው አብረን አየን፤ ጽሑፉን ሳላበራ። አቶ ኡምቤርቶ ለልመና እጁን ዘርግቶ ሰው ሊሰጠው ሲል ድንገት መዳፉን ገልብጦ ዝናብ እየጣለ እንደሆነ የሚያይ ሲመስል እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። ይሉኝታን እንዲህ አድርጎ ያሳየኝ ፊልም አላጋጠመኝም። ያን አዛውንት የሆነው ካርሎ ባቲስቲ ተዋናይ አልነበረም፤ የሥነ ልሳን ፕሮፌሰር ነበር። የዊል ኬንን የመጨረሻ እጅ ደግሞ ከዚህ አጠገብ አስቀምጡት፤ ጠላቶቹን ካሸነፈ በኋላ ከየቤቱ ወጥቶ የከበበውን ሕዝብ እያየ ኮከብ የመሰለ ባጁን ከደረቱ ነቅሎ አቧራው ላይ ይጥለዋል። አንድ ቃል አይናገርም። አንዱ እጅ ክብሩን ለማዳን ይገለበጣል፣ ሌላው ክብር ያልሆነውን ይጥላል። ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል ብትሉኝ የኡምቤርቶ እጅ እላለሁ፤ ግን የኬን እጅ ጥልቀት የለውም የሚለኝን ሰው ከእንግዲህ አልሰማም።

ሁለቱም ፊልሞች በገዛ አገራቸው ነቀፋ ገጥሟቸዋል። ያኔ በጣሊያን መንግሥት ውስጥ የፊልሙን ዘርፍ ይመራ የነበረው፣ በኋላም ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ጁሊዮ አንድሬዮቲ ዴ ሲካ አገሩን በዓለም ፊት ክፉ አገልግሎት እያገለገለ ነው ብሎ ጻፈ። በእኛ አባባል ገመናችንን አደባባይ አወጣህ ነው ያለው። የ“ሃይ ኑን” ጸሐፊ ካርል ፎርማን ደግሞ ፊልሙ እየተሠራ ሳለ በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚኒስቶችን ይመረምር በነበረው ኮሚቴ ፊት ተጠራ፤ የባልደረቦቹን ስም አልሰጥም በማለቱ በሆሊውድ ሥራ ተከለከለና ወደ እንግሊዝ ሄደ። ሰው ሁሉ በሩን የዘጋበትን ሰው ታሪክ የጻፈው በሮች እየተዘጉበት ነው። የአሜሪካ ፊልም ያጫውታል ብቻ ለሚል ሰው ከዚህ ሌላ መልስ አልፈልግም። ደግሞስ አሜሪካዊ የምንለው ምኑን ነው? ዚነማን ያደገው ቪየና ነው፤ የሙዚቃው ደራሲ ዲሚትሪ ቲኦምኪን የተወለደው ዩክሬን ውስጥ ነው።

ዴ ሲካንም አላልፈውም። በ“ኡምቤርቶ ዲ” ውስጥ ሙዚቃው ከልክ ያልፋል፤ ምስሉ ብቻውን ልቤን ከነካው በኋላ ቫዮሊኑ ደግሞ አልቅስ እያለ ይጎተጉተኛል። ይህን ጥፋት የሆሊውድ ብቻ አድርጌ እቆጥረው ነበር። ዝግታን በራሱ እንደ ጥበብ መቁጠርም ስህተት ነው። በዚህ ደብተር ውስጥ ሰው ግድግዳ እያየ ለረጅም ጊዜ የሚቆምባቸው የቅርብ ዘመን የአውሮፓ ፊልሞች አሉ፤ ዝምታውን ከማሪያ ወርሰዋል፣ ማሪያ የምትሠራውን ሥራ ግን አልወረሱም። የማሪያ ዝምታ የሚያዝ ነገር አለው፤ ክብሪት፣ ጉንዳን፣ ቡና።

ያ የማእድ ቤት ዝምታ አሜሪካ ውስጥ የት እንደደረሰ ሳስስ የቻርልስ በርኔትን “ኪለር ኦፍ ሺፕ” አገኘሁ፤ በዚህ ሳምንትም ደንቤን ጥሼ ብቻውን አየሁት። በርኔት በሎስ አንጀለስ ዋትስ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ያደገ ሲሆን ፊልሙን የሠራው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ በዕረፍት ቀናት፣ በጥቁርና ነጭ ነው። ፊልሙ የተጠናቀቀው በ1970ዎቹ ነው፤ የዘፈኖቹ የባለቤትነት ክፍያ ባለመፈጸሙ ግን ሲኒማ ቤቶች በስፋት ያሳዩት በ2007 ነው። ስታን የተባለው ሰው በግ ማረጃ ውስጥ ይሠራል። ከጓደኛው ጋር ገንዘብ አዋጥተው አሮጌ ሞተር ይገዛሉ፣ ተሸክመው ደረጃ ያወርዱታል፣ መኪናው ጠርዝ ላይ ያስቀምጡታል። መኪናው ዳገቱ ላይ ሲነሣ ሞተሩ ይወድቅና ይሰበራል። ትተውት ይሄዳሉ። የዴ ሲካ “የብስክሌት ሌቦች” (1948) ውስጥ ብስክሌቱ የተሰረቀበት አባት ሙሉ ፊልም ሌባውን ይፈልጋል፤ እዚህ የሚፈለግ ሌባ እንኳ የለም።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ፣ በዚያው ዘመን ከጎንደር የሄደው ኃይሌ ገሪማ ይማር ነበር። በርኔት የኃይሌን “ቡሽ ማማ” በመቅረጽ ተሳትፏል። ኃይሌ “ምርት ሦስት ሺህ ዓመት”ን ይዞ ብቅ ያለው በ1976 ነው፤ የባላባት መሬት የሚያርስ የገበሬ ቤተሰብ ታሪክ፣ በጥቁርና ነጭ። ይህን ፊልም ድሮ ጀምሬ እንደ ላቬንቱራ አቋርጬው ነበር። በቋንቋዬ የተሠራውን፣ የትርጉም ጽሑፍ የማያስፈልገኝን ፊልም መጨረስ አለመቻሌ አሁን ያሳዝነኛል፤ በዚህ ወር እናቴን አጠገቤ አስቀምጬ ከመጀመሪያው አየዋለሁ።

በአዲሱ ደብተር የአንድ ዓመት ደንቤን ትቼ የሚነጋገሩ ፊልሞችን ላጣምር ነው። የመጀመሪያው ጥንድ ተመርጧል። ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደደው ዳግላስ ሰርክ በ1955 በሠራው ፊልም አንዲት ባሏ የሞተባት እናት አትክልተኛዋን ትወዳለች፤ ልጆቿ ያስጥሏትና ብቸኝነቷን እንድትረሳ ቴሌቪዥን ይገዙላታል፣ ባልበራው የቴሌቪዥኑ መስታወት ውስጥም የራሷን ፊት ታያለች። በ1974 ራይነር ቬርነር ፋስቢንደር ይህን ሐሳብ ወስዶ ወደ ሙኒክ አመጣው፤ አሮጊት የጽዳት ሠራተኛ ከሞሮኮ ለሥራ የመጣ መካኒክ ታገባለች፣ ልጇ ሲሰማ ቴሌቪዥኑን በእርግጫ ይሰብረዋል። ሁለቱንም አንድ አንድ ጊዜ አይቻቸዋለሁ። በሰው አገር የምትሠሩ ወዳጆቼ፣ በተለይ እናንተ የፋስቢንደሩን ካያችሁ የዚያን ሞሮኳዊ ነገር እንዴት እንዳገኛችሁት ጻፉልኝ፤ እኔ ከቤቴ ሆኜ የማላየው ነገር እዚያ ውስጥ እንዳለ ይሰማኛል።