ኪኒኑም ጸበሉም

ስሙ ይመስገን። ከየት እንደምጀምር እንጃ፤ ከዚያች ሌሊት ልጀምር።

አራት ቀን እንቅልፍ የሚባል አልዞረብኝም። ድካምም የለ። የወር ደሞዜን ለነዳያን በአንድ ከሰዓት ጨርሼዋለሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የአዲስ አበባ ሕዝብ ሁሉ መዳን በእኔ እጅ ነው ብዬ በባዶ እግሬ ወጣሁ። ውሾች ይጮኻሉ፤ እኔ እስቃለሁ። እናቴ ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ «ልጄ፣ በማርያም!» እያለች ከኋላዬ ትሮጣለች። ዞር ብዬ «አንቺ ሰይጣን!» አልኳት። እናቴን! አስፋልቱ መሃል ገብቼ የሚመጣ የጭነት መኪና በመዳፌ ላስቆም እጄን ዘረጋሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ በክንዴ ጎትተው ጣሉኝ። እኚህን አባት ዕድሜ ይስጥልኝ። ጋቢያቸውን አልብሰው እስኪነጋ ዳዊት ደገሙልኝ። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ? እስከ መቼስ ፊትህን ከእኔ ትሰውራለህ?» የምትለዋ ብቻ ጆሮዬ ላይ ቀርታለች።

ጎረቤት «ለክፏት ነው» አለ። ጸበል ገባሁ። ከዚያ ጨለማው መጣ፤ ፊት መታጠብ እንኳ አቃተኝ። አሥር ወር እንዲህ ሄደ።

እውነቱን ልናገር፣ እግዚአብሔርን ተቀይሜው ነበር። «ፊትህን ከሰወርክ እኔም አላይህም» ብዬ ሥዕለ አድኅኖውን ወደ ግድግዳ አዞርኩት።

አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ስንሄድ እናቴ ሰው እንዳያውቃት ተሸፋፍናለች። በከተማችን «አማኑኤል ግባ» ስድብ ነው። «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ማለት ሆኖ ሳለ! ሐኪሙ «ባይፖላር ነው» አለን። ያ ሁሉ ሩጫና ያ ሁሉ ጨለማ የአንድ ሕመም ሁለት ፊት መሆኑን ሲያስረዳን እናቴ «ስለዚህ ልጄ አልጠላችኝም?» ብላ አለቀሰች።

ሊቲየም የሚባለውን ኪኒን ጀመርኩ። በየጊዜው ደም እመረመራለሁ። ጾም ሲገባ ግን ጭንቅ ሆነ፤ ሰውነት ውሃ ካነሰው መድኃኒቱ ደም ውስጥ በዝቶ ይመርዛል። ኪኒኑን ላቆም ወስኜ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ተቆጡኝ። «መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል ሲራክ። ውሃሽን ጠጪ፣ ጸበልሽንም ጠጪ፣ ኪኒንሽንም ዋጪ!» የጸለይኩት «ንቀልልኝ» ብዬ ነበር። መልሱ በእኚህ አባት ቁጣ መጣ።

ከዚያች ሌሊት ወዲህ እናቴ የምትተኛው በሩ ሥር ፍራሽ ዘርግታ ነበር። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ፍራሹ ውጭ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል።

«ወገቤን አመመኝ» አለችኝ። «ዛሬ አልጋዬ ላይ ነው የምተኛው።»